የራሱን የማይሰማ ኮምፒውተር

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሰው በኮምፒውተር ያጋባሁ እኔ ብቻ ነኝ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ።

ሽማግሌዎች የጎረቤቴን ልጅ ለልጃቸው ሊጠይቁ መጡ። ውጭ አገር ያለው ወንድሟ በቪዲዮ ሊመርቅ ነው። እናቷ እማማ አስካለ ግን እግራቸውን ታመው ጌጫ ከተማ ቀርተዋል፤ የጌጫ ኔትወርክ ደግሞ ቪዲዮ አይችልም። «ወንዱ ልጄ እሺ ሲል ካላየሁ አልድርም» አሉ። ማን ይቅዳ? እኔ ነኛ! ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩት!

የልጅቷ አባት ኢርፎን ሰክተው ውጭ ያለውን ልጃቸውን ያዳምጣሉ፣ እኔ ስክሪኑን እቀዳለሁ። ጌጫ ወስጄ ስከፍተው ልጁ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ የለውም። የተቀዳው ኮምፒውተሩ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሹክሹክታ ነው።

«እምቢ ካሉን ልጃችን ያብዳል፤ እህል መቅመስ ትቷል እኮ!»

«ኧረ ቀስ በል፣ ይሰሙናል!»

ቆይ፣ ኮምፒውተር የራሱን ድምፅ ትቶ የሰው ወሬ የሚያዳምጠው ለምንድን ነው? የኛ ሰፈር ሰው ነው እንዴ?

እማማ አስካለ ግን በሳቅ ፈረሱ። «ልጄ እየሳቀ ሲመርቅ አየሁት። ልጃቸው እንዲህ መውደዱን ግን የትኛው ሽማግሌ ፊቴ ይነግረኝ ነበር? ይደገስ!»

እኔማ ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። ካላመናችሁ ጌጫ ሂዱና እሳቸውን ጠይቁ። ሽማግሌዎቹንም ጠይቁ፤ እኔ ኮምፒውተሬን ይዤ ባለሁበት ግን ትንፍሽ አይሉላችሁም።