ቡናዬና የጋራው ሜዳ

“የጋራ” የሚባል ነገር ሲነሳ የሁላችንም ልብ ይሰፋል። የጋራ ውሃ፣ የጋራ መንገድ፣ የጋራ ሜዳ። የሰው እውነተኛ ጠባይ የሚታወቀው ግን የጋራው ነገር ከደጁ ፊት ለፊት ሲሆን ነው። እኔ ከደጄ ፊት ለፊት ሜዳ አለኝ። ይቅርታ፣ አለን ማለቴ ነው።

ከተማችንን ጨለለቅቱን የሚያውቅ ሰው ደልዳላ መሬት እዚያ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አይጠፋውም። አገሩ ወይ ዳገት ነው፣ ወይ ቁልቁለት። ስለዚህ ያ ሜዳ ጠዋት የኳስ ሜዳ፣ ከሰዓት የበግ መሰማሪያ፣ በበዓል ደግሞ የምእመናን መሰብሰቢያ ነው። በቡና ለቀማ ወቅት ግማሹ የኔ ቡና ማስጫ ይሆናል። ምን ላድርግ? ጓሮዬን የእንሰትና የዛፍ ጥላ ሸፍኖታል፤ ቡና ይበቅልበታል እንጂ አይደርቅበትም። የግብርና ባለሙያው የእንጨት አልጋ ሠርተህ ከፍ አድርገህ አስጣ እያለ ሲመክረኝ ስንት ዓመቱ። አልጋውንስ ብሠራ ፀሐዩን ከየት አመጣለሁ? ደግሞስ የኔ ቡና ድምፅ ማጉያ የለው፣ አይሰብክ፣ አይዘምር፤ ተኝቶ ፀሐይ ከመሞቅ በቀር ማንን አስቸገረ?

ባለፈው የለቀማ ወቅት፣ እሸቱን ሸራ ላይ በዘረጋሁ ሰሞን፣ ወንጌላዊ ጅግሶ ቤቴ መጣ። የሰፈራችን የፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያን አገልጋይ ነው። እሁድ ሜዳው ላይ ኮንፈረንስ አለን፣ ዘማሪዎች ከዲላ ይመጣሉ አለኝ። እሱ ወጥቶ ሳይርቅ ጋሽ ሸምሱ ገቡ። አባታቸው ከጉራጌ መጥተው እዚሁ የከተሙ፣ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ናቸው፤ በመስጊዱ ኮሚቴም አሉበት። እሳቸው ደግሞ እሁድ እዚያው ሜዳ ላይ የዳዕዋ ፕሮግራም እንዳለ ነገሩኝ። አንዱ የሌላውን ሰምቶ ኖሮ፣ ሁለቱም እንድዳኛቸው ወደ እኔ የመጡት ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ ለማናቸውም አላዳላም ብለው ነው። የሥነ ዜጋ መምህር መሆኔም ሳይረዳ አልቀረም።

ለእኔ ግን የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቡናዬ ላይ የሚተከለው ድንኳን። ሰማዩ ከሰዓት ከሰዓት እየጠቆረ ነው፤ እሸት ቡና ደግሞ ሳይደርቅ ከተከመረ ይሻግታል። ዓመት ሙሉ የጠበቅነው እሱን ነው። ባለቤቴ አልማዝም ይህ ቡና ከሻገተ ወየውልህ ብላኛለች።

ስለዚህ በማግስቱ ሁለቱን ሜዳው ዳር አቁሜ፣ ክፍል ውስጥ እንኳ ኖሮኝ በማያውቅ ግርማ ንግግር አደረግሁ። የእምነት ነጻነት የተከበረ ነው፤ የጋራ ቦታ ግን የጋራ ነው፤ ማንም ለብቻው ሊይዘው አይገባም፤ በመሆኑም ኮንፈረንሱ በቤተክርስቲያኑ ግቢ፣ ዳዕዋውም በመስጊዱ ግቢ ቢሆን ሕገ መንግሥቱም ደስ ይለዋል አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ጥሩ ተናግሬ ነበር። ሁለቱም በጥሞና አዳመጡኝ። ችግሩ፣ ሲያዳምጡኝ ዓይናቸው ሸራው ላይ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ኮንፈረንሱ መቼ እንደሚያልቅ ጅግሶን ጠየቁት። ከምሳ በፊት አለ። የእኛማ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው፣ ታዲያ ምን ያጣላናል አሉ። ጅግሶ ድንኳኑን ሳንነቅል እንተውላችኋለን አለ። እሳቸውም ጄኔሬተራቸውን ሊያውሱት ቃል ገቡ። እኔ የሽምግልና ጋቢዬን በቅጡ ሳላስተካክል ነገሩ አለቀ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ሰው ለመስማማት እንዲህ ይቸኩላል?

ያልተስማማው ወገን ቡናዬ ብቻ ሆነ። የጥቂት ቀን ፀሐይ ነው የቀረው ብዬ ለመንኩ። ጅግሶ በዚያ በለሰለሰ የጌዴኦ ዜማው፣ “መምህር፣ አንተ ራስህ አልተናገርክም? ሜዳዋ የሁሉም ናት፣ ለብቻ መያዝ አይቻልም” አለኝ። ተማሪዎቼ እንኳ ትምህርቴን እንዲህ ደህና አድርገው ይዘውልኝ አያውቁም። ፊቴ ሲጠቁር ግን አዘኑልኝ። የእኛ ግቢ ሊሾ ነው፣ ግማሹን እዚያ አስጣ አለ ጅግሶ። የቀረውን መስጊዱ ግቢ ይችለዋል አሉ ጋሽ ሸምሱ። እነሱን ወደየግቢያችሁ ግቡ ስል የነበርኩት ሰውዬ ቡናዬን ተሸክሜ ወደየግቢያቸው ገባሁ።

ቡና ደግሞ ዘርግተው የሚተዉት ነገር አይደለም፤ መገላበጥ አለበት። ጠዋት ቤተክርስቲያኑ ግቢ፣ ቀትር ላይ መስጊዱ ግቢ ስመላለስ ሰነበትኩ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ማን የት ግቢ እንደገባ ሳይታይ አይቀርም።

ታዲያ አንድ ቀን የንስሐ አባቴ ቤቴ ድረስ መጡ። ፊታቸው ላይ ኀዘን አለ። ልጄ፣ ጠዋት ጴንጤዎቹ ግቢ፣ ቀትር ላይ መስጊድ ትታያለህ ይሉኛል፣ እውነት ነው ወይ አሉኝ። ደነገጥኩ። ሃይማኖቴን እንዳልቀየርኩ ምዬ ተገዝቼ፣ የሜዳውንም የሸራውንም ነገር አንድ ሳላስቀር አስረዳኋቸው። ቡናው በሁለቱም ግቢ ሳይሻግት እየደረቀልኝ መሆኑንም ጨምሬ ነገርኳቸው። በረጅሙ ተነፈሱ፤ ኀዘኑ ግን ከፊታቸው አልጠፋም።

“እሱስ ይሁን” አሉ በመጨረሻ። “የእኛ ግቢ ግን ፀሐይ አይገባውም?”