የአያ ታፈረ ስጦታ

የሰው ልብስ የሚለብስ፣ የሰው ወሬ ግን የማይቀበል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የጎንደር አራዳ ሰፈር ጎረቤቴ አያ ታፈረ እንዲህ ናቸው። ሰው ያልለበሰው ልብስ ሸጋ አይመስላቸውም፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ካፖርት እየጣፉ ይለብሳሉ፤ "እዚያ ሽፍታ አለ" ከተባለ ደግሞ ሄደው ካላዩ አያምኑም።

አንድ ቀን አዲሱን ካፖርቴን ለብሼ፣ ከትክል ድንጋይ ከተማ ማዶ ወዳለው ጫካ ተከተልኳቸው። ሽፍታውም እንደተወራው ነበረ። ጠመንጃውን ደግኖ ሁለታችንን አየን።

"ምነው አንተ፣ አባትህ ድሪቶ ለብሰው አንተ በአዲስ ካፖርት ትንጎራደዳለህ?" አለኝ።

አባቴ አይደሉም እንድል ጠመንጃው አላበረታታኝም። ካፖርቴን አስወልቆ እሳቸውን አለበሰና በሰላም ሸኘን። ከጫካው ወጥተን ወንዝ እንደተሻገርን አያ ካፖርቱን አውልቀው ሰጡኝ።

"እንካ ልጄ፣ አሁን ሰው ለብሶታል፤ ሸጋ ሆኗል።"

ይኸው ዛሬም እለብሰዋለሁ። ከየት አገኘኸው ለሚለኝ ሁሉ፣ አያ ታፈረ ሰጥተውኝ ነው እላለሁ።