ጆንያ የለበሰው ላፕቶፕ

ቆላ ያደገ ሰው ለጋለ ነገር ሁሉ አንድ መድኃኒት ብቻ ነው የሚያውቀው። ያረጥበዋል። ጣርማ በርን አልፎ ወደ እኛ የሚወርድ እንግዳ መጀመሪያ የሚገርመው ይኼ ነው፤ በየደጁ እርጥብ የቃጫ ጆንያ የለበሰ ጀሪካን ቆሞ ያያል። ነፋስ ሲያገኘው ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ፍሪጅ ያለው ሰው እንኳ መብራቱን ስለማያምነው ጆንያውን አይጥልም። ቅቤ በጆንያ ይተርፋል። ፀሐይ የዋለበት የሞተር ሳይክል መቀመጫ በጆንያ ይበርዳል። ጆንያ የማያድነው ነገር አለ ብሎ የሚጠረጥር ብዙ የተማረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው።

ሥራዬ ወንዝ ዳር ነው። የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጣ የውሃ ሞተር አስነሳለሁ፣ አጠፋለሁ፣ ቦይ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ይህችን በኋላ ታስታውሱልኛላችሁ።

ልጄ ማርታ ሰባተኛ ክፍል ናት። ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤቷ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ላፕቶፕ ሰጠ፤ በውሰት። ወላጅ ተጠርቶ ፈረመ። እኔም ከባለቤቴ ከሰብለ ጋር ሄጄ ፈረምኩ። ለጋብቻዬ እንኳ ያን ያህል ቦታ አልፈረምኩም። ፍላሽ አይሰካበትም፤ ቫይረስ ያመጣል። አይፈታም፤ ጀርባው ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ከተቀደደች ተማሪዋ በሚቀጥለው ዓመት አይሰጣትም። ከምግብና ከመጠጥ ይራቃል። ስለ ጆንያ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ የለም።

ላፕቶፕ ልጅን ያበረታል ወይስ ያበላሻል የሚል ክርክር በሬዲዮ እሰማለሁ። የሚከራከሩት ሰዎች ጠረጴዛ ያላቸው ይመስለኛል። እኛ ቤት ጠረጴዛ አልነበረም። ላፕቶፑ ሲመጣ መሬት ላይ አይቀመጥም ተባለና ጠረጴዛ አሠራሁ። ጠረጴዛው ወንበር ጠየቀ። ወንበሩ ላይ ማርታ ተቀመጠች፤ አልተነሣችም። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።

ኅዳር ላይ መምህር ደረጀ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ኮስታራ ሰው ነው፣ ለልጆቹ የቤት ሥራ ሰጠ። ከቤተሰብ አንድ ሰው ስለ ሥራው ጠይቁ፤ ድምፁን በላፕቶፑ ቅዱ፤ ከዚያ ጽፋችሁ አምጡ አለ። ማርታ እናቷን መረጠች። የውሃ ሞተር ማስነሣት ምን ይወራለታል? ሰብለ የሽንኩርት ችግኝ ታፈላ ነበር። የእሷን ችግኝ ከካራቆሬ ድረስ መጥተው ይወስዱታል። ተቀዳች። ጽሑፉ ለመምህሩ ሄደ፤ ድምፁ ላፕቶፑ ላይ ቀረ።

ጥር ላይ ሰብለ ታመመች። የካቲት ላይ አልነበረችም። ስለዚህ ሌላ አልጽፍም።

ስልኬ ላይ ፎቶዋ አለ። ድምፅ የለም። አብሮህ የሚውል የሚያድርን ሰው ድምፅ ማን ይቀዳል? እናም የቀረን ያ የቤት ሥራ ነው። ማርታ አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ትከፍተዋለች። እኔ ያን ጊዜ ደጅ ሥራ አላጣም። እንጨት እፈልጣለሁ፤ የተፈለጠውን እንደገና እፈልጣለሁ። አንድ ቀን እሰማዋለሁ እል ነበር፤ ላፕቶፑ የት ይሄዳል?

ሰኔ ገባ። ሰኞ ዕለት ማርታ ወረቀት ይዛ መጣች። ላፕቶፖቹ ዓርብ ይመለሳሉ፤ ውስጣቸው ያለው ሁሉ ተደምስሶ ለሚቀጥለው ዓመት ይዘጋጃሉ ይላል። ልጄ እንደ እናቷ ሕግ አክባሪ ናት። ፍላሽ አይሰካም ከተባለ አይሰካም። "አባ፣ አንተ ቲቸርን አናግርልኝ፤ አንዴ ብቻ ይፍቀዱልኝ" አለችኝ። ነገ አልኳት። ማክሰኞ ሞተሩ አስቸገረኝ ብዬ ቀረሁ። ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር። ድምፁ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ መስማቴ አይቀርም ብዬ ፈርቼ ነው።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የሸዋ ሮቢት ሙቀት የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ቆርቆሮው ይንጫጫል። ማርታ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ላፕቶፑን ከፍታለች፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ዳገት እንደሚወጣ ሚኒባስ ይጮኻል። "አባ፣ በጣም ግሏል፤ ደብተር ገዝቼ እስክመጣ እየው" ብላኝ ወጣች። እየው ነበር ያለችኝ። ሰው አደራ ሲሰጠው ዝም ብሎ ማየት ይችላል? ነካሁት፤ ምጣድ ነው። ይህ ነገር ከነሰብለ ድምፅ ሊቀልጥ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከደጁ ጀሪካን ላይ ጆንያውን ገፈፍኩ። እንደ ሞኝ እንዳታዩኝ፣ ጨምቄዋለሁ። ላፕቶፑን ከድኜ፣ ጠቅልዬ፣ ነፋስ የሚገባበት ደጃፍ ላይ አስቀመጥኩት። ጥቂት ቆይቶ ጩኸቱ ቆመ። ዝም አለ። በረደለት ብዬ ደስ አለኝ። እንዲያውም ጆንያው ቶሎ ስለደረቀ በጣሳ ደግሜ አፈሰስኩበት።

ስፈታው ከአንድ ጥጉ ጠብ፣ ጠብ አለ።

ቁልፉን ተጫንኩ። የለም። ደግሜ ተጫንኩ። የለም። በዚያው ሰዓት መብራት ሄደ። ማርታ ስትመለስ "ቻርጅ ጨርሷል፤ መብራት ሲመጣ ይሠራል" አልኳት። አመነችኝ። ያን ቀን ከተማው በሙሉ መብራት እንዲመጣ ሲጸልይ እኔ ብቻዬን እንዳይመጣ ጸለይኩ። የእኔ ተሰማ። ይህ ሁሉ ሕዝብ የጨለመበት በእኔ ነውና ይቅር ይበለኝ።

ማርታ ወጣ ስትል ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ጋ ገባሁ። የሰማችውን ለማንም የማታወራ ሴት ናት፤ ፊት ለፊት ግን አትምርም። "አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ? የመንግሥት ዕቃ ታጥባለህ?" አለችኝ። ከዚያ ውሃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ ሲቀበር እንደሚድን ልጇ ከአጣዬ ደውላ ነግራት እንደነበር ትዝ አላት። ሩዝ ግን የላትም። ያላት የይፋት ሰው ሁሉ ያለው ነው፤ ማሾ። "ያውም እህል፣ ይኼም እህል። ቢስሚላህ ብለህ ቅበረው" አለች። ላፕቶፑን በግማሽ ኩንታል ማሾ ውስጥ ቀበርኩት። ስቀብር በዚያ ዓመት ሁለተኛዬ ነው ልል ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ ጠዋት ማርታ ትምህርት ቤት ሄደች። ሦስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ከማሾው አወጣሁት፤ ሰካሁት። የለም። አንሶላ ጠቅልዬበት በባጃጅ ወደ ሁሴን በረርኩ። ሁሴን መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን እኩያዬ ነው። ተቀብሎ አገላበጠው፤ ነቅነቅ አደረገው። ፍላሽ ከማይሰካባት ቀዳዳ ሁለት ፍሬ ማሾ ጠረጴዛው ላይ ዱብ ዱብ አለ። ማሾውን አየው። እኔን አየኝ። "ወንድሜ፣ ውሃውን አጠጥተኸዋል፣ ዘሩንም ዘርተሃል። ሦስት ቀን ብትታገሥ ይበቅልልህ ነበር፤ ለምን ቸኮልክ?" አለ። አልሳቅሁም። ውስጡ ምን እንዳለ ነገርኩት። እሱም መሳቁን ተወ። የሰብለ ቀብር ላይ ነበር።

"ዋናው ቦርድ አብቅቶለታል፤ ወላሂ አልዋሽህም" አለኝ። "ድምፁ ያለበት ዕቃ ግን ሌላ ነው። እሱን አውጥቼ በእኔ ኮምፒውተር ልሞክር። ይተርፋል አልልህም፤ ኢንሻአላህ ነው የምልህ።" መፍቻውን አነሣና ቆመ። ጀርባው ላይ ያቺ ትንሽ ወረቀት ብሎኑን ሸፍና ተለጥፋለች።

እጁን ያዝኩት። ወረቀቷን ከቀደድኩ ልጄ ስምንተኛ ክፍልን ያለ ላፕቶፕ ትማራለች። ካልቀደድኩ ነገ ወስደው ይጥሉታል፤ እናቷም አብራ ትጣላለች። በአንዱ እጅ የልጅ ትምህርት፣ በሌላው የልጅ እናት። እኔ ማን ነኝና እመርጣለሁ? ሞተር አስነሺ ነኝ። የፈረምኩበት ወረቀት ግርጌ የመምህር ደረጀ ስልክ ነበር። ደወልኩ። ያጠፋሁትን ሁሉ ሳልቀንስ ነገርኩት። ጆንያ ያልኩትን አንዴ አስደገመኝ። ማሾ ያልኩትን ሁለቴ አስደገመኝ። "አትንካው፤ መጣሁ" ብሎ ዘጋው።

በምሳ ሰዓት መጣ። ከኋላው ማርታ። ለምን እንዳመጣት ልጠይቀው ስል እሷ ቀደመችኝ። ላፕቶፑን አየች፤ ማሾውን አየች። "አባ፣ ውሃ ነው?" አለችኝ። ነው አልኳት። ሁለቱን ፍሬ ማሾ አንሥታ በመዳፏ ጨበጠች። ብትጮኽብኝ እወድ ነበር።

መምህር ደረጀ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ወረቀቷን ትክ ብሎ አያት። እሷን የለጠፋት ራሱ ነው። ከዚያ በጥፍሩ ጫፍ ጀመራትና ሳትቀደድ ላጣት። "እኔ ነኝ የከፈትኩት። ቀጥል" አለው ለሁሴን።

ሁሴን ከጎን ካለው የሴቶች ፀጉር ቤት የፀጉር ማድረቂያ ተዋሰ። እንደ ጣት የቀጠነች ዕቃ አወጣ፤ አደረቃት፤ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኛት። አራታችንም አንድ ስክሪን ላይ ተደፋን። ምንም የለም። ነቀላት፤ እንደገና አደረቃት፤ ሰካት። ምንም የለም። ውጭ የአጣዬ ሚኒባስ ረዳት "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ይላል። የማርታ እጅ የሸሚዜን ጠርዝ ይዟል፤ ከየካቲት ወዲህ እንዲያ ይዛኝ አታውቅም። ሁሴን ዕቃዋን በሸሚዙ ጠርጎ "ያ አላህ" ብሎ ሦስተኛ ሰካት። ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ስሞች መጡ። ሒሳብ። ጠቅላላ ሳይንስ። እማ።

ማርታ ተጫነችው።

"መደቡን ካለሰለስሽ በኋላ ዘሩን በመስመር ታደርጊዋለሽ" አለች ሰብለ፤ የጥገና ቤቱ ውስጥ። "ከላይ ደረቅ ሣር ታለብሺዋለሽ። ውሃ በጣሳ ነው፤ ረጨት ረጨት። አባትሽን ግን እንዳታስጠጊው። እሱ ሞተር የለመደ ሰው ነው፤ ውሃ ካየ ልክ አያውቅም። ያን ጊዜ አንድ መደብ ችግኝ ዋና አስተምሮብኛል። ድንጋይ ብትሰጪው ያጠጣልሻል።" ከሩቅ የአንድ ወንድ ድምፅ "እየሰማሁሽ ነው!" አለ። እኔ ነኝ። እዚያ እንደነበርኩ ረስቼው ነበር። ሰብለ ሳቀች። "ስማ። እንድትሰማ ነው" አለች።

ሁሴን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይነቀነቃል። መምህር ደረጀ ኮስታራነቱን ለመያዝ ጉንጩን ነከሰ። ማርታ ቀና ብላ አየችኝ። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ዕንባውም መጣ፤ ግን ሳቁ ቀደመ።

ሁሴን ድምፁን በፍላሽ ገለበጠልን። መምህሩ ፍላሹ እስኪነቀል ድረስ መናኸሪያውን ሲመለከት ቆየ።

ዓርብ ዕለት የሞተውን ላፕቶፕ ይዘን ትምህርት ቤት ሄድን። የማርታን የሚቀጥለውን ዓመት ኮሚቴ እንደሚወስነው፣ ኮሚቴውም ቅጽ እንደሚፈልግ ተነገረን። መምህር ደረጀ ቅጹን ዘረጋልኝ። የብልሽቱ ምክንያት ይላል። "ውሃ አበዛሁ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ በፊት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር ወይ ይላል። "አዎ" አልኩ። ማን ሰጠ ይላል። "ባለቤቴ።"

መምህሩ አነበበውና ከልማድ "እንግዲህ ማስጠንቀቂያ የሰጠው ሰው እዚህ ጋ ቀርቦ..." ብሎ ጀመረ። ቆመ። እስክሪብቶውን ማየት ጀመረ። እኔም ጫማዬን።

ማርታ ናት ያዳነችን። "ቲቸር፣ ትናንት ሰምተዋት የለ?" አለችው፤ "ካላመኑ ይኸው ይዣታለሁ።" ከኪሷ ፍላሹን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ፍላሽ መሰካት ክልክል ነው ከሚለው ወረቀት አጠገብ አስቀመጠችው።

መምህር ደረጀ ማህተሙን አነሣና "ባለቤቴ" ከሚለው አጠገብ መታ።