ለእህቴ ኩሽና የሚሆን ድንጋይ

[የድንጋይ መሸጫ ግቢ። ከሰው ቁመት የሚበልጡ የእምነበረድና የግራናይት ሰሌዳዎች ጎን ለጎን በቁማቸው ተሰልፈው ግቢውን እንደ አጥር ከሁለት ይከፍሉታል። ከግራም ከቀኝም ሰው የሚሄድበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከወዲያ ጥግ የመቁረጫ ማሽን ይጮኻል። ሊቁ ባርኔጣ አድርጓል፤ «ሊቁ» የሚለውን ስም ያወጡለት ዘመዶቹ ናቸው ለፌዝ፣ እሱ ግን ሙገሳ ይመስለዋል። ሾፌሩ የታናሽ እህቱ ባል ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል።]

ሊቁ፦ እጅህን ከድንጋዩ ላይ አንሳ።

ሾፌሩ፦ ምን አደረግኩት ጋሼ? ነካሁት እንጂ።

ሊቁ፦ ነካኸው። እጅህ ላይ ላብ አለ፣ ቅባት አለ፣ ጠዋት የበላኸው እንቁላል አለ። ድንጋይ ይህን ሁሉ ይጠጣል።

ሾፌሩ፦ ድንጋይ ይጠጣል?

ሊቁ፦ ይጠጣል።

ሾፌሩ፦ እንቁላል?

ሊቁ፦ [ዓይኑን ይጨፍናል] እህቴ ከአንተ ጋር እንዴት እንደምትኖር አንድ ቀን ቁጭ ብላ ታስረዳኛለች።

ሾፌሩ፦ እሷም ስለ እርስዎ እንደዚያ ትላለች። [እጁን በሱሪው ይጠርጋል] ግን ጋሼ፣ ኩሽና ውስጥ እኮ መነካቱ አይቀርም። ካልነካነው ሽንኩርቱን ማን ይከትፈዋል?

ሊቁ፦ ለኩሽና የሚሆነው ሌላ ነው። የመጣነው እሱን ልንመርጥ ነው። ልንመርጥ ስልህ፣ ልመርጥ ማለቴ ነው።

ሾፌሩ፦ እሷ ግን መርጣለች።

ሊቁ፦ ማን?

ሾፌሩ፦ እህትዎ። ሐሙስ መጥታ ቆራጩ አንድ በአንድ አሳያት። የመረጠችው ይኸው የነካሁት ነው፤ ግራጫው፣ በመሀሉ ቀይ መስመር የሚሄድበት። ግን ጋሼ ካልተስማሙ አይሆንም ብዬ...

ሊቁ፦ ደግ ብለሃል። አባታችን ቤቱን የተወው ለሁለታችን ነው። እኔ ያላመንኩበት ምስማር እዚያ ቤት ግድግዳ ላይ አይመታም።

ሾፌሩ፦ እሱማ ልክ ነው። በመስኮቱም አላመኑበትም፣ በቧንቧውም አላመኑበትም። የድንጋዩ ነገር ራሱ አራት ወር ሆነው። አሮጌ በር ነቅለን ሁለት በርሜል ላይ አጋድመንላት እሱ ላይ ነው የምትሠራው። እጀታው አልወልቅ ብሎ እስካሁን አለ። ሥጋ ስትከትፍ ክርኗን ይመታታል።

ሊቁ፦ አራት ወር። አንድ ድንጋይ ድንጋይ ለመሆን ስንት ሚሊዮን ዓመት እንደሚፈጅበት ታውቃለህ?

ሾፌሩ፦ አላውቅም። እሱ ግን የሚጠብቀው እራት የለም።

ሊቁ፦ ዞር በል፣ ልየው። [ከኪሱ ትንሽ የውሃ ጠርሙስ አውጥቶ ግራጫው ሰሌዳ ላይ ያፈስሳል። ውሃው ተንሸራቶ መሬት ላይ ይጠራቀማል] አየህ?

ሾፌሩ፦ ወረደ።

ሊቁ፦ ለምን ወረደ?

ሾፌሩ፦ ድንጋዩ ስለቆመ።

ሊቁ፦ ስላልተቀበለው ነው። ላዩን አንድ ነገር ቀብተውታል። ውሃ የሚገፋ ድንጋይ፣ ድንጋይ አይደለም።

ሾፌሩ፦ ታዲያ ቅድም ይጠጣል ብለው እጄን ያስነሱኝ ለምንድን ነው?

ሊቁ፦ ጥሩ ድንጋይ ይጠጣል። ይኼ መጥፎ ስለሆነ አይጠጣም።

ሾፌሩ፦ ስለዚህ ይኼን ብነካው ምንም የለውም ማለት ነው።

ሊቁ፦ [ያልሰማ መስሎ] ማብረቅረቁን ደግሞ እይልኝ። ይኼን ያህል የሚያብረቀርቅ ሌላ የሚያሳየው የሌለው ነው። ሰርገኛ ይመስል። ቀዩ መስመር ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

ሾፌሩ፦ እሷ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመስላል ብላለች።

ሊቁ፦ ዝገት ነው። ድንጋይ ሲታመም ከውስጥ እንዲህ ይዝጋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ካማራት በረንዳ ላይ ትውጣ። ይኼ አባቴ ቤት ከሚገባ በሩ በርሜሉ ላይ ይኑር። ጨረስኩ።

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ ይስሙኝ። ዛሬ ድንጋይ ሳይቆረጥ ከመጣህ ልጆቹን ይዤ አክስቴ ቤት እገባለሁ ብላለች። ዛቻ አይደለም። ሻንጣው በር ላይ ነው፤ ትንሿ የትምህርት ቤት ጫማዋን ራሷ ከታዋለች።

ሊቁ፦ ትግባ። የአክስቴን ኩሽና አይተኸዋል? ፕላስቲክ ነው። የእንጨት ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ። ሁለት ቀን ሳትቆይ እኔን ፍለጋ ትመጣለች። ና፣ ተከተለኝ።

[ሊቁ ከፊት፣ ሾፌሩ ከኋላ በመተላለፊያው ይሄዳሉ። ሊቁ በየሰሌዳው ፊት ለአፍታ እየቆመ ይፈርዳል።]

ሊቁ፦ ይኼ አረንጓዴ የሆቴል መታጠቢያ ቤት ነው። ይኼ ጥቁር ደግሞ ገንዘብ ያገኘ ሰው ሳያስብ የሚገዛው ነው። ይኼ ነጭ...

ሾፌሩ፦ ነጩ ያምራል።

ሊቁ፦ እምነበረድ ነው። ሎሚ ይበላዋል።

ሾፌሩ፦ ሎሚ ድንጋይ ይበላል?

ሊቁ፦ አንድ ጠብታ ከነካው ቦታው ደብዝዞ ይቀራል። ይህችን እንኳ የማያውቅ ሰው ድንጋይ ልግዛ ብሎ ይወጣል።

ሾፌሩ፦ ድንጋዩ ይጠጣል፣ ሎሚው ይበላል። እኔ ነኝ እንግዲህ በአንድ እንቁላል እዚህ የደረስኩት።

ሊቁ፦ እንቁላሉን ተወው።

[ከሰልፉ ጫፍ ደርሰው ይዞሩና በማዶው መተላለፊያ ይመለሳሉ። በዚህ በኩል የሚታዩት ሰሌዳዎች ሁሉ ሻካራና ደብዛዛ ናቸው። ሊቁ ቀጥ ብሎ ይቆማል።]

ሊቁ፦ ይኸውልህ።

ሾፌሩ፦ ምኑ?

ሊቁ፦ እውነተኛው ዕቃ። ነጋዴ ለማያውቅ ሰው የሚያሳየውን ከፊት ያስቀምጣል። ለሚያውቅ ሰው የሚሆነውን ከኋላ ያቆየዋል። አንዱም አያብረቀርቅም፤ አየህ? አንዱም እዩኝ አይልም።

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር...

ሊቁ፦ ቆይ።

ሾፌሩ፦ ሁለቴ እኮ ነው ወደ ቀኝ የታጠፍነው። ሁለቴ ወደ ቀኝ የታጠፈ ሰው...

ሊቁ፦ አውቶቡስህን ውጭ ትተህ ነው የገባኸው። እዚህ መንገድ የማሳየው እኔ ነኝ።

ሾፌሩ፦ እሺ።

[ሊቁ ቀስ እያለ ይሄዳል። ሾፌሩ ሰሌዳዎቹን በጣቱ እየቆጠረ ይከተለዋል። ሊቁ አንዱ ፊት ቆሞ ባርኔጣውን ያወልቃል።]

ሊቁ፦ ይኼ።

ሾፌሩ፦ [ጎንበስ ብሎ የሰሌዳውን ሥር ያያል] ጋሼ፣ እዚህ ሥር ውሃ ፈስሷል።

ሊቁ፦ አልቦት ነው። ሕይወት ያለው ድንጋይ ያልበዋል። [ውሃ ያፈስስበታል። ውሃው ይሰርጋል፤ ጥቁር እርጥበት ብቻ ይቀራል] ተመልከት። ጠጣው።

ሾፌሩ፦ ጠጣው። ላዩ ላይ ግን መረብ አለው፤ የመስኮት ወንፊት የመሰለ።

ሊቁ፦ መረብ አይደለም። ተፈጥሮ በረድፍ በረድፍ ስትሠራ እንዲህ ትሠራለች። ይኼ የሺህ ዘመን ሽመና ነው።

ሾፌሩ፦ ክሩ ተመዘዘ። [አንድ ነጭ ክር በሁለት ጣቱ ይዞ ያሳየዋል]

ሊቁ፦ አትምዘዘው። የማዕድን ጅማት ነው።

ሾፌሩ፦ ሙጫ ሙጫ ይሸታል።

ሊቁ፦ ድንጋይ ምን ምን እንደሚሸት ታውቃለህ?

ሾፌሩ፦ አላውቅም።

ሊቁ፦ እንግዲያው እንደዚህ ነው የሚሸተው።

ሾፌሩ፦ በቀለም ደግሞ አርባ ሰባት ተብሎ ተጽፎበታል።

ሊቁ፦ የማዕድን ማውጫው ማኅተም ነው። ቁጥር የሚሰጡት ለምርጡ ብቻ ነው።

ሾፌሩ፦ እዚያኛውም አርባ ስድስት ይላል። ያኛውም አርባ አምስት። እስከ ጫፍ ድረስ ሁሉም አላቸው።

ሊቁ፦ ሁሉም ምርጥ ናቸዋ። ለምን ከኋላ የደበቋቸው ይመስልሃል?

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ አሁን ልናገር?

ሊቁ፦ ስለ ምን?

ሾፌሩ፦ ስለ ድንጋዩ።

ሊቁ፦ አትናገር። ስለ ሌላ ነገር ስትናገር ራሱ እየታገሥኩህ ነው።

[ሾፌሩ ሰሌዳውን ያያል። ሊቁን ያያል። እንደገና ሰሌዳውን ያያል። ክሩን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ይከታል።]

ሾፌሩ፦ እሺ፣ አልናገርም። ግን ልጠይቅ። ይኼን ነው የመረጡት?

ሊቁ፦ ይኼን ነው።

ሾፌሩ፦ ይኼን? አሁን እጅዎን ያሳረፉበትን?

ሊቁ፦ ስንት ድንጋይ ላይ ነው እጄን ያሳረፍኩት?

ሾፌሩ፦ ቁጥር አርባ ሰባትን። አባትዎ ቤት ይግባ ብለዋል። አምነውበታል።

ሊቁ፦ አምኜበታለሁ። ለደንቆሮ ሰው ስንት ጊዜ ይነገራል?

ሾፌሩ፦ እንደኔ ላለው አንዴ አይበቃም። ቆራጩ ደግሞ ያለ ወረቀት አይሠራም። ድንጋዩ ከተቆረጠ አይመለስም ይላል። እኔ ብፈርም ነገ በዘመድ ፊት ያልገባው ሰው ፈረመ ይባላል።

ሊቁ፦ ይባላል። እኔም እለዋለሁ። ወዲህ በል ወረቀቱን። [በጉልበቱ ላይ አድርጎ ይፈርማል] ስሙን በደንብ ጻፍበት፤ መራጭ፣ እኔ። ገዢ፣ አንተ።

ሾፌሩ፦ አርባ ሰባትም ይጻፉበት፤ በእጅ ጽሕፈትዎ።

ሊቁ፦ [ይጽፋል] ይኸው። አሁን ሂድ፣ ስጠው።

[ሾፌሩ ወረቀቱን ይዞ በፍጥነት ወደ ማሽኑ ይሄዳል። ከቆራጩ ጋር ሁለት ቃል ተለዋውጦ ይመለሳል። ከበላያቸው የክሬን ሰንሰለት መንቀሳቀስ ይጀምራል።]

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ አንድ ውለታ ይዋሉልኝ። ለእህትዎ እርስዎ ይደውሉላት። ጋሼ ተስማማ ብላት እኔን አታምነኝም።

ሊቁ፦ እንዴት ብላ ታምንሃለች። [ይደውላል] ሄሎ። ስሚ፣ ሻንጣውን ፍቺ፤ ድንጋይሽ ተገኝቷል... አይ፣ አይደለም። ባልሽ ያንን በሽተኛ ግራጫ ሊያሸክምሽ ነበር። እኔ እያለሁ? ሌላ ነው። ከኋላ በኩል ነው ያገኘሁት... ሻካራ ነው። ላዩ ላይ መረብ የመሰለ ሥራ አለው፣ የተፈጥሮ ነው... አዎ፣ ቁጥር አለው፤ አንቺ እንዴት አወቅሽ? አርባ ሰባት... ሄሎ? [ስልኩን ከጆሮው አራቅ አድርጎ ያያል፤ መልሶ ይጠጋዋል] ምን ሆነሻል? ኧረ ተይ። ይኼ የሚያስለቅስ አይደለም። ለእህቴ ነው ያደረግኩት፣ ለሌላ ሰው አላደረግኩትም። በቃ፣ ተረጋጊ።

ሾፌሩ፦ ወዲህ ጠጋ ይበሉ ጋሼ፤ ሊያወጡት ነው።

[ክሬኑ ሰሌዳውን በሰፊ ቀበቶ አቅፎ ከሰልፉ ያወጣዋል። ሰሌዳው አየር ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል። ግራጫው ፊት ብቅ ይላል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀዩ መስመር ይሄድበታል። ከመስመሩ በታች፣ ልክ እንደ መስታወት፣ ባርኔጣውን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው የያዘ ሰው አፉን ከፍቶ ቆሞ ይታያል።]

ሊቁ፦ ይኼ ምንድን ነው?

ሾፌሩ፦ አርባ ሰባት ነው።

ሊቁ፦ የኔ ይኼ አይደለም። የኔ ሻካራው ነው።

ሾፌሩ፦ ሻካራው የዚሁ ጀርባ ነው ጋሼ። ከወዲያ ሲሄዱ ፊቱን ያያሉ፣ ከወዲህ ሲመለሱ ጀርባውን። መረቡ ሲጓጓዝ እንዳይሰበር ፋብሪካ የሚለጥፉበት ነው። እኔ ልናገር ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄዎታለሁ።

[የመቁረጫው ማሽን ድምፁን ይቀይራል። ሰሌዳው ከመጋዙ ሥር ይጋደማል፤ ውሃ ይለቀቅበታል። መጋዙ ይነካዋል።]

ሊቁ፦ አስቁመው።

ሾፌሩ፦ ማን ይሰማል? ፈርመውበታል እኮ።

ሊቁ፦ [ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ስማ። ለእሷ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ከደስታ ብዛት እያለቀሰች ነው። አሁን እንዲህ ሆነ ብንላት ልቧ ይሰበራል። እኔ ራሴ ቀስ ብዬ አስረዳታለሁ። ድምፅዋን ትሰማለህ? ስቅስቅ ብላ ነው።

ሾፌሩ፦ [ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ ያዳምጣል] ጋሼ፣ እያለቀሰች አይደለም። ጎረቤት ጠርታ እየሳቀች ነው።