በስንት ጣት ነው የመታኸው?

(በሰሜን ጀርመን ባለች ትንሽ ከተማ፣ የፍርድ ቤት ኮሪደር። የአውቶቡስ ሹፌሩ ፎኮ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጎረቤቱ ቲያርክ፣ የጓሮ አትክልት ማኅበር ሊቀመንበር፣ ፊት ለፊቱ ይንጎራደዳል። ማዶ አንዲት ፖሊስ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች።)

ቲያርክ፦ በስንት ጣት ነው ግንባርህን የመታኸው? አልኩህ እኮ!

ፎኮ፦ በአንድ።

ቲያርክ፦ በአንድ! በቃ፣ አለቀልህ።

ፎኮ፦ ተማሪ ጭኜ አንድ ፖሊስ መንገድ ዘጋብኛ! ተናደድኩ። ግን ቲያርክ፣ ልነግርህ የነበረው...

ቲያርክ፦ ዝም በል! ፖሊስ ፊት ግንባርን መምታት «አእምሮህ ታሟል» ማለት ነው። ወንጀል ነው! አውቶቡሱን ይቀሙሃል።

ፎኮ፦ እሱማ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ያለ አውቶቡስ ምን ሥራ አውቃለሁ?

ቲያርክ፦ ነስቶኝ «ነበር»? አሁንም ይንሳህ እንጂ!

ፎኮ፦ አሁንማ ትናንትና...

ቲያርክ፦ አታቋርጠኝ! ሕግ አዋቂ ነው የሚያናግርህ።

ፎኮ፦ አዎ፣ የአጥር ቁመት ሕግ።

ቲያርክ፦ ሕግ ሕግ ነው! ስማ፤ በአንድ ጣት ከሆነ ስድብ፣ በሦስት ጣት ከሆነ ማከክ። ዳኛዋ ስትጠይቅህ «አሳከከኝ» ትላለህ። እየኝ። (በአንድ ጣት ግንባሩን ይመታል።) ይሄ ወንጀል! (በሦስት ጣት ያካል።) ይሄ ንጹሕ ዜጋ!

(ፖሊሷ ቀና ትላለች።)

ፎኮ፦ ኧረ ቀስ፣ ሴትዮዋ እያየችን ነው።

ቲያርክ፦ ትይ! በነፃ ትማር! (መዳፉን ዐይኖቹ ፊት ወዲያ ወዲህ ያወናጭፋል።) ይሄ ደግሞ «ለይቶልሃል» ማለት ነው፤ ወንጀል! (ግንባሩን ጧ! ያደርጋል።) ይሄኛውም ወንጀል! ልዩነቱ ገባህ?

ፎኮ፦ ለእኔ እንኳ ገብቶኛል። ለሷም ሳይገባት አልቀረም።

(ፖሊሷ ማስታወሻ ደብተር ይዛ ትመጣለች።)

ፖሊሷ፦ ጌታዬ፣ ስምዎን ይንገሩኝ።

ቲያርክ፦ የእኔን? ተከሳሹ እኮ እሱ ነው!

ፎኮ፦ አይደለሁም። ትናንትና ጣቢያ ሄጄ ያን ፖሊስ ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳቀና ክሱን ተወልኝ። ዛሬ የመጣሁት «ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚለውን ወረቀት ልወስድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ልነግርህ ስል መች ፋታ ሰጠኸኝ?

ቲያርክ፦ (ላቡን እየጠረገ) እመቤቴ፣ ይሄ ልምምድ ነው! የማኅበር ሊቀመንበር እኮ ነኝ፤ ክስ ካለብኝ ነገውኑ ነው የሚያወርዱኝ! ፎኮ፣ በናትህ፣ ንገራት! አንተ መዋሸት አታውቅም፤ ሰው ሁሉ ያምንሃል።

ፖሊሷ፦ (ወደ ፎኮ ዞራ) እኚህ ሰው ሁለት ጊዜ ሰድበውኛል። እርስዎ ይመሰክራሉ?

ፎኮ፦ (ተነሥቶ ኮቱን እያስተካከለ) እመሰክራለሁ። ግን ሁለት ብለው አይጻፉት፤ ሦስት ነው። የመጀመሪያው የጫማዎን ክር ሲያስሩ አምልጦዎት ነው።