እትዬ ጌታነሽ ይግባኝ አሉ

በመንዝ ምድር ሙግተኛ የሌለበት መንደር ካያችሁ፣ ሰው ገና አልሰፈረበትም ማለት ነው። ሌላው አገር ቤት ሲሠራ በመጀመሪያ ምሰሶ ያቆማል፤ እኛ ጋ ግን በመጀመሪያ ወሰን እንከራከራለን። የሙግተኛው ዓይነት ደግሞ ብዙ ነው። ለርስት የሚሟገት አለ፤ ለእልህ የሚሟገት አለ፤ ዝም ብሎ ከዋለ አፉን የሚመረውም አለ። ሁሉንም ጠቅልለው የያዙ ሰው ግን ከአንድ በላይ አላየሁም። እሳቸውም የቀጨሞ ሜዳዋ እመቤት፣ የወሰን ድንጋይ ሁሉ የክርስትና እናት፣ ክብርት እትዬ ጌታነሽ ናቸው።

ቀጨሞ ሜዳ ከሞላሌ ወዲያ ነው፤ በበቅሎ የግማሽ ቀን መንገድ። በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት እዚያ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ ያን ጊዜ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነበር። አምስተኛ ክፍል ይከፈታል ስለተባለ ወላጆቹ በጋውን ሙሉ ድንጋይ ተሸክመው አንድ ሰፊ ክፍል ሠርተው ጨርሰዋል። ዳይሬክተራችን አቶ መርስዔ ኃዘን ደግ ሰው ናቸው፤ ፊሽካቸው ከአንገታቸው አይለይም። ሰው የተቃወማቸው ዕለት ግን ሆዳቸውን ያማቸዋል። ያን ዓመት በሰኔ «የትምህርት ቤት ሳምንት» የሚባል ነገር አሰቡና ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ፕሮግራም ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ለሆዳቸው ያልታሰበ ሳምንት ነበር።

እትዬ ጌታነሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናቸው። የራሳቸው ልጅ የላቸውም፤ የሟች እህታቸውን ልጅ ኮከቤን ያሳድጋሉ። ኮከቤ አራተኛ ክፍል፣ የእኔ ተማሪ ናት። አክስትየው ለሙግት ሲነሡ ነጠላቸውን ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ሰው ያደገድጋሉ፤ ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሡና «ይግባኝ!» ይላሉ። ነጠላው ሲደገደግ ያየ ሁሉ፣ ሥራ ያለው ወደ ሥራው፣ የሌለውም ሥራ ፍለጋ ይሄዳል።

ሰኞ ችግኝ ተከላ ነበር። ልጆቹ በአጥሩ ጥግ ባሕር ዛፍ ሊተክሉ ጉድጓድ ቆፍረው ሲጨርሱ ነጠላው ተደገደገ።

«ይግባኝ! ይሄ ዛፍ ሲያድግ ጥላው የአቶ ገብረየሱስ ገብስ ላይ ያርፋል።»

አቶ ገብረየሱስ እዚያው ቆመው ነበር። «እኔ አቤት አላልኩም እኮ፣ እትዬ» አሉ።

«ዛፉ ሲያድግ ይላሉ። ያን ጊዜ እኔ ላልኖር እችላለሁ፤ ስለዚህ ከአሁኑ ብዬልዎታለሁ።»

ጉድጓዱ ተደፍኖ ከአጥሩ ራቅ ብሎ ሌላ ተቆፈረ።

ማክሰኞ የእጅ ሥራ ትርኢት ነበር። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ያመጣው የበግ ጠጉር ባና አንደኛ ወጣ። በእርግጥም ንጉሥ የሚለብሰው ባና ነበር። እትዬ ጌታነሽ እንዝርትና አንድ እፍኝ የበግ ጠጉር ይዘው ወደ ልጁ ቀረቡ። «ጎበዝ፣ እስቲ ፍተልልኝ» አሉት። ልጁ እንዝርቱን እንደ እባብ አየው፤ ከዚያም «አባዬ ነው የሠራው» አለ። ሽልማቱ ሁለተኛ ለወጣችው ለጥሩሸዋ ተሰጠ፤ ቅርጫቷ ትንሽ ቢያዘነብልም የራሷ ነበር። አቶ መርስዔ ኃዘን ሆዳቸውን ያዙ።

ረቡዕ የጥያቄና መልስ ውድድር ሆነ፤ ጠያቂው እኔ ነኝ። ወሰኔ የሚባለውን ተማሪ «ከበግ ምን ምን ጥቅም እናገኛለን?» አልኩት።

«ሥጋ፣ ጠጉር፣ ቆዳ፣ በጠጥ» አለ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ከደብረ ብርሃን የመጣሁ የተማርኩ ሰው ነኝና «በጠጥ ጥቅም አይባልም» ብዬ ነጥብ ቀነስኩበት።

«ይግባኝ! መምህር አባይነህ፣ ገብስ ትበላለህ?»

«እበላለሁ፣ እትዬ።»

«ማሳው የሚዳብረው በምን ነው?»

«በ... በፍግ።»

«እንግዲያው ስትበላው የኖርኸው በጠጥ ነው። ለልጁ ነጥቡን መልስለት።»

መለስኩለት። እስከ ዛሬ ቆሎ በቆረጠምኩ ቁጥር ያ ነገር ትዝ ይለኛል።

ሐሙስ ስፖርት ነበር። ለወንዶች ሩጫ፣ የገመድ ጉተታ፣ የጆንያ ሩጫ ተዘጋጅቷል። ለሴቶች የተመደበላቸው ድንች በማንኪያ ይዞ ቀስ ብሎ መሄድ ብቻ ነው። ወንዶቹ ለዋናው ሩጫ ተሰልፈው፣ አቶ መርስዔ ኃዘን ፊሽካቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳለ፣ እትዬ ጌታነሽ መጥተው በአመድ የተሰመረው መስመር ላይ ቁጭ አሉ።

«እትዬ፣ እባክዎን ይነሡ!»

«ሴት ልጅ አትሮጥም የሚል ሕግ የት አለ?»

«ሕግ እንኳን አይደለም፤ ፕሮግራም ነው።»

«ከሕግ ካነሰማ ምን አስጨነቀዎ?»

ለማንሣት የደፈረ ሰው አልተገኘም። በመጨረሻ ሴቶቹ በሌላ ዙር እንዲሮጡ ተወሰነ፤ ሜዳው ሁሉ እልል አለ። ኮከቤ ሦስተኛ ወጣች። ሁላችንም ዞር ብለን አክስቷን አየን፤ ነጠላው መደግደጉ አይቀርም ብለን ጠበቅን። እትዬ ጌታነሽ ግን ልጅቷን በነጠላቸው ጫፍ ላቧን እየጠረጉ፣ «ምን ታዩኛላችሁ? ቀደሟት! የቀደመ ቀደመ ነው» አሉን። በዚያች ሰዓት ስለ እኚህ ሴት ያለኝ አሳብ ትንሽ ተናወጠ።

ዓርብ ከሰዓት አቶ መርስዔ ኃዘን ለብቻዬ ጠሩኝ። ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው፤ ከበላይ መሥሪያ ቤት ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ። «አባይነህ፣ እንደ ወንድሜ ነህ። ሂድና ለምንልኝ። ነገ አንድ ቀን ብቻ ዝም ይበሉልኝ።»

ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው የበግ ጠጉር ሲባዝቱ አገኘኋቸው። የተላክሁበትን እየተቅለሰለስኩ ነገርኳቸው። አልተቆጡም።

«ባሌ የሞተ ጊዜ ወንድሞቹ መሬቴን ወሰዱት» አሉኝ። «ሰው ሁሉ "ሴት ነሽ፣ ብቻሽን ነሽ፣ ተይው" አለኝ። መነኩሴው ተይው አሉ፤ አበ ነፍሴ ተይው አሉ፤ የገዛ እናቴ ተይው አለች። ከወረዳ አውራጃ፣ ከአውራጃ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በእግሬ ተመላለስኩ። ጠጉሬ ሸበተ። መሬቱን አስመለስኩት። ያን ጊዜ "ተይው" የሚለውን ቃል ሰምቼ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ኮከቤን የማሳድጋት በማን ቤት ነበር?»

ልሄድ ተነሣሁ።

«ለዳይሬክተሩ እንዲህ በልልኝ፤ ካልነኩኝ አልናገርም።»

ቅዳሜ ሕዝቡ ከየመንደሩ መጣ። እንግዳው በጌጠኛ በቅሎ፣ ከአሽከሮቻቸው ጋር ደረሱ፤ ካፖርት ለብሰዋል፣ ፊታቸው ገራም ነው። ልጆቹ ዘመሩ፤ ኮከቤ ግጥም አነበበች። እትዬ ጌታነሽ ከሴቶቹ መካከል እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አቶ መርስዔ ኃዘን ቀስ በቀስ ፊታቸው ፈካ።

ከዚያ እንግዳው ለንግግር ተነሡ። ሕዝቡን አመሰገኑ፤ ትምህርት ብርሃን ነው አሉ፤ ተጨበጨበ። የተሠራው ክፍል እጅግ ያምራል አሉ፤ ተጨበጨበ። በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፈገግታ ቀጠሉ። «በበላይ ውሳኔ መሠረት ከመጪው ዓመት ጀምሮ አምስተኛ ክፍል እዚህ አይከፈትም። የሚፈልጉ ልጆች ሞላሌ ሄደው ይማራሉ። አዲሱ ክፍል ለዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል።»

አቶ መርስዔ ኃዘን አጨበጨቡ። እኛ መምህራን አጨበጨብን። ወላጆቹም እጃቸው ለምዶ ነበርና አጨበጨቡ፤ የሰሙት ነገር የገባቸው እጃቸው ከወረደ በኋላ ነው።

«በሕግ አምላክ!»

ይህን ቃል የሰማ ሰው፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ እግሩን አያነሣም። እንግዳው ወደ በቅሏቸው መራመድ ጀምረው ነበር፤ ቀጥ አሉ። እትዬ ጌታነሽ ነጠላቸውን አደግድገው መካከል ላይ ቆመዋል።

«እናቴ፣ ይህ እኮ ችሎት አይደለም» አሉ እንግዳው።

«ፍርድ የተሰጠበት ቦታ ሁሉ ችሎት ነው። እርስዎ አሁን ፈርደዋል።»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የተናገርኩት።»

«ያዘዘዎት ሰው ይሄን ድንጋይ ተሸክሞታል? እኛ ተሸክመነዋል። ሞላሌ ይሂዱ አሉ። በመካከሉ ያለው ወንዝ መስከረም ላይ በሬ ይወስዳል። የእርስዎ በቅሎ ትሻገረው ይሆናል። የአሥር ዓመት ልጅ በምን ይሻገረዋል?»

«ይበቃል፣ እናቴ። ውሳኔው ተወስኗል።»

«እንግዲያውስ ይግባኝ!» አሉና ወደ እንግዳው ተራመዱ። የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ፤ የካፖርቱን ጫፍም ያዙ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ቋጠሯቸው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። ሕጉ ከቀረ ቆይቷል፤ ቋጠሮው ግን የመንዝ ነው፣ ጠበቀ።

እንግዳው ሳቁ። ዞር ብለው ሲያዩ ሌላ የሳቀ አልነበረም። አቶ ገብረየሱስ ተነሥተው ከእትዬ ጌታነሽ ጎን ቆሙ። ቀጥሎ የወሰኔ አባት፣ ቀጥሎም ሴቶቹ ሁሉ። ድንጋይ የተሸከመ ትከሻ ሁሉ ቀስ እያለ ተነሣ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ቆሙ ብቻ። አቶ መርስዔ ኃዘን ሆዳቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

«ምን ይሁን ነው የምትሉት?» አሉ እንግዳው፤ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ውሳኔውን ወደ ሰጡት ሰዎች አብረን እንሄዳለን። እዚያ ስንደርስ እፈታዎታለሁ።»

ሄዱም። እሳቸው በበቅሎ፣ እትዬ ጌታነሽ በእግር፣ በነጠላ ተቋጥረው። እትዬ ጌታነሽ በመንገድ ላይ ሲደክሙ እንግዳው አይተው በቅሎዋ ላይ እንዲቀመጡ ለመኗቸው አሉ፤ «ከባላጋራዬ ውለታ አልወስድም» ብለው እምቢ ማለታቸውን በኋላ ከአሽከሮቹ አንዱ አወራልን።

እትዬ ጌታነሽ ክረምቱን ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ ከረሙ። መልስ አልተሰጠም። መስከረም ሲጠባ፣ ትምህርት በተከፈተ ጠዋት፣ አራተኛን ያለፉ ልጆች ሁሉ ከኮከቤ ጋር ተሰልፈው፣ ከፊት እትዬ ጌታነሽ ሆነው በሩ ላይ ቆመው አገኘናቸው።

«እትዬ፣ አልተፈቀደም እኮ» አሉ አቶ መርስዔ ኃዘን።

«አልተከለከለምም። ይግባኝ ላይ ነን። ይግባኝ እስኪታይ ፍርድ አይፈጸምም።»

«እሺ ይግቡ እንበል። ማን ያስተምራቸዋል? መምህር አልተመደበም!»

ለዚህ እትዬ ጌታነሽ መልስ አልነበራቸውም። መልስ ሲያጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ያን ሰሞን ለእኔ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አገሬ ዝውውር መጥቶልኝ፣ ዕቃዬ በአህያ ተጭኖ ነበር። ልጆቹን አየሁ። ሴትዮዋን አየሁ፤ እግራቸው ከመንገዱ ብዛት ተሰነጣጥቋል። ከዚያ የገዛ አንደበቴን ሰማሁት፦

«እኔ አስተምራቸዋለሁ።»

«አባይነህ! ዝውውርህስ? ትዛዝ እኮ ነው!» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ትዛዙን አልቀበልም» አልኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ዕቃዬን ከአህያው አወረድኩ። እትዬ ጌታነሽ አላመሰገኑኝም። «ጥቁር ሰሌዳው በመስኮቱ በኩል ይሁን፤ እዚያ ፀሐይ ይገባል» ብለው ገቡ።

ይግባኙ ለብዙ ጊዜ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። መልስ ሲመጣ እትዬ ጌታነሽ መልሱ ላይ መልስ ያቀርባሉ፤ ቀጠሮ ሲሰጣቸው ሌላ ቀጠሮ ይጠይቃሉ። እንዲህ ሲጓተት አምስተኛ ክፍል ስድስተኛ ሆነ፤ ከታች ደግሞ ሌላ አምስተኛ ገባ። በመጨረሻ አንድ አዲስ ኃላፊ መጡና «ያለ ነገር እንዴት ይዘጋል?» ብለው ፈቀዱ። ኮከቤ ሞላሌ የሄደችው አድጋ፣ ጉልበቷ ጠንቶ፣ ወንዙን ራሷ መሻገር በምትችልበት ጊዜ ነው።

ፈቃዱ በመጣ ዓመት የትምህርት ቤት ሳምንት እንደገና ሆነ። እትዬ ጌታነሽ ሳል ይዟቸው ቤት ተኝተው ነበር። ሁሉም ነገር በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ አለቀ፤ የተቃወመ የለም፤ አንድ ሰው እንኳ መስመር ላይ አልተቀመጠም። ሐሙስ ዕለት አቶ መርስዔ ኃዘን ፊሽካቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«አባይነህ፣ የሚቃወመኝ ሰው ከሌለ፣ የሠራሁት ልክ ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ?»

ዓርብ ልጆቹን ሁሉ አሰልፈው እትዬ ጌታነሽ ደጃፍ ወሰዷቸው፤ የሰውነት ማጎልመሻ ትርኢቱን እዚያው አሳዩ። እትዬ ጌታነሽ በባና ተጠቅልለው ደጃፉ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ እየሳሉ፣ እስከ መጨረሻው በጥሞና ተመለከቱ። ሲያልቅ ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን።

«የመጨረሻው ረድፍ» አሉ በደከመ ድምፅ፣ «ልጆቹ በቁመት አልተሰለፉም። ትንንሾቹ ከኋላ ሆነው ማን ያያቸዋል? እንደገና ይሰለፉ።»

«ተመስገን!» አሉ አቶ መርስዔ ኃዘን፤ ዕንባቸው በዓይናቸው ሞልቶ። ፊሽካቸውን አንሥተው ባላቸው ትንፋሽ ሁሉ ነፉ፤ ልጆቹም እየተሳሳቁ እንደገና ተሰለፉ።