ካዝሚር ሩቤል አባ ዝገት ስለ ግራኙ ወርዋሪ ማይክሮፎን የያዙበት ዜና

ብራንት ኦስጉድ በሽመላዎች የቤዝቦል ቡድን ላይ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ በሠለጠነ በሦስተኛው ዓመት፣ ይኸውም ሽመላዎች ከምድባቸው ግርጌ ተኝተው መነሣት ባቃታቸው ዘመን፣ በወርኃ ጥር፣ የኢሪ ሐይቅ በረዶውን በቡፋሎ ከተማ ላይ እንደ ድንኳን በዘረጋ ጊዜ፣ የጡረተኛው አውቶቡስ ነጂ የካዝሚር ሩቤል ገናንነት ተገለጠ፤ እኛም ያየነውን ሳንጨምር፣ የሰማነውንም በመጠኑ ብቻ ጨምረን እንጽፋለን።

እኒህ ካዝሚር፣ ቁመተ መካከለኛ፣ ድምፀ ነጎድጓድ፣ ከልጅነት እስከ ሽበት ሽመላዎችን ያልከዱ፣ ሽመላዎች ግን ደጋግመው የከዷቸው፣ የፈረስ ስማቸው አባ ዝገት ይባል ነበር። ስሙም የወጣላቸው የመንገድ ጨው ከበላት አሮጌ መኪናቸው ነው፤ የመኪናይቱ የቀኝ በር በገመድ ታስሮ ይሄድ ነበርና፣ ከጎናቸው መቀመጥ የወደደ መኰንን ሁሉ በሾፌሩ በር ገብቶ፣ ማርሹን ተሻግሮ፣ ልብሱን ሰብስቦ ይቀመጥ ነበር።

በዚያ ወራት ኳስ አይወረወርም፣ ዱላም አይወዛወዝም፤ የሚወረወረው ቃል፣ የሚወዛወዘውም ጣት ብቻ ነው። ማን ይሸጥ፣ ማን በማን ይለወጥ፣ ውላቸው ካለቀ ነጻ ተጫዋቾች ማን ይምጣልን፣ በታችኛው ሊግ ከሚያድጉት ተስፈኞችስ ማን ሰው ይወጣዋል የሚለው ነገር ሁሉ የሚዳኘው በማክሲን መጠጥ ቤት ነበር። በዚያ ሸንጎ በቀኝ በኩል ቧንቧ ሠሪው ዱዌይን ይቀመጣሉ፤ እሳቸውም በዓለም ያለ ነጻ ተጫዋች ሁሉ እንዲመጣ የሚፈርዱ፣ ደመወዙን ማን ይከፍላል ሲባሉ ግን ወደ ጣሪያ የሚመለከቱ ናቸው። በግራ በኩል የደብሩ የቦውሊንግ ቡድን ከነሙሉ ሠራዊቱ ይሰፍራል፤ እነርሱም አንድ ቀን እንኳ በአንድ ሐሳብ አድረው አያውቁም። በመካከል የቢራው ቧንቧ እመቤት ማክሲን ትቆማለች፤ በእርሷ ላይ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ይውላል። ከካዝሚር አጠገብ፣ ክርናቸው ክርናቸውን እየነካ፣ የቀድሞው እሳት አጥፊ መልቪን ሃሎራን ይቀመጡ ነበር፤ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ጓዳቸው፣ በመኖሪያም አጥር የሚጋሩ ጎረቤታቸው፣ ሚስታቸው ሮዝ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ።

ከዕለታት ባንዱ፣ የጥብስ ሥጋው ጨው በተነሰነሰበት ዳቦ ውስጥ ሆኖ በቀረበበት በምሳ ሰዓት፣ በቴሌቪዥን እንዲህ የሚል ወሬ ተነገረ፦ ሽመላዎች ኤልየሰር ኪንታና የተባለውን የዶሚኒካን ልጅ፣ ግራኙን ተስፈኛ ወርዋሪ፣ ሰጥተው በምትኩ ስመ ጥሩውን አንጋፋ መቺ ትሬንት ሆልካምን ሊወስዱ ነው። ያን ጊዜ ሸንጎው ተናወጠ፤ ሰናፍጭም ፈሰሰ።

መጀመሪያ መልቪን ብርጭቆአቸውን በባንኮኒው መትተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስሙኝማ! እኔ ሽማግሌ ነኝ። ዋንጫ ሳላይ ልሞት ነው። ተስፈኛ፣ ተስፈኛ ትሉኛላችሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ተስፋ ስበላ ነው የኖርኩት፣ አልጠገብኩም! ሆልካም ኳሷን እስከ ሐይቁ ነው የሚልካት። ይምጣ! ልጁም በሰላም ይሂድ!»

ካዝሚርም ከበርጩማቸው ተነሥተው መለሱ፦

«ሆልካም? ሆልካም እኮ መሮጥ ከተወ ቆየ! ከአንደኛ ቤዝ ሁለተኛ ቤዝ ለመድረስ ስንቅ መቋጠር አለበት! ግራኝ ወርዋሪ እንደ ድንች በየጓሮው የሚበቅል መሰለህ እንዴ? ያን ልጅ የሚሸጥ መጀመሪያ እኔን ይሽጠኝ!»

«አንተንማ ማን ይገዛሃል?» አሉ መልቪን፤ ሸንጎውም በሳቅ ፈረሰ፣ የቦውሊንጉ ሠራዊት እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት ሳቀ።

ቀጥሎ የሆነውን ታሪክ ጸሐፊው ሊዘለው ይወድ ነበር። ነገር ግን የነገሥታትን ስሕተት የሚዘል ጸሐፊ የሚጽፈው ታሪክ ሳይሆን የልደት ካርድ ነውና፣ ይጻፍ። ካዝሚር በሳቁ ቆስለው፣ ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ እንዲህ አሉ፦ «አንተ ዋንጫ ዋንጫ የምትለው እቤትህ ሌላ የሚጠብቅህ ስለሌለ ነው።»

ዱዌይን ማኘክ አቆሙ። ማክሲን ቧንቧውን ዘጋች። መልቪን ብርጭቆአቸውንና ኮፍያቸውን አንሥተው እስከ ባንኮኒው ጫፍ ሄዱ፣ በመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ባለው በርጩማ ላይም ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ። ካዝሚር ቃሉ ከአፋቸው እንደ ወጣ ተጸጽተው ነበር፤ ነገር ግን ከበርጩማ ወርዶ እስከ ባንኮኒው ጫፍ መሄድ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ካናዳ ድልድይ በእግር ከመሄድ ይልቅ ረዘመባቸው። ጠዋት በረዶ ሊዝቁ ሲወጡም ሁለቱ በአጥሩ ግራና ቀኝ እየተያዩ አካፋቸውን ብቻ ያናግሩ ነበር።

ከዚህም በኋላ የቡድኑ ሹማምንት በመሐል ከተማ በሚገኝ ሆቴል አዳራሽ የደጋፊዎች ጉባኤ ይደረጋል፣ የወደደም ለብራንት ኦስጉድ በማይክሮፎን አንዳንድ ደቂቃ ይናገራል ብለው አስነገሩ። አባ ዝገት ይህን በሰሙ ጊዜ መንፈሳቸው ነደደ። በረዶ ሲዝቁ፣ ጢማቸውን ሲላጩ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘመር እንኳ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ንግግራቸውን ያጠኑ ጀመር፤ የኪንታናን የኳስ ፍጥነት፣ የሆልካምን ዕድሜ፣ ዱሮ ቡድኑ ሸጧቸው በሌላ ከተማ የገነኑትን ተስፈኞች ስም ሁሉ በቃላቸው ያዙ።

ባለቤታቸው እቴጌ ሎሬይንም ሳህን እያጠቡ እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ ነገሩ፦ «ካዝ፣ ለማታውቀው ሰው ስለማታውቀው ልጅ የምትናገረውን ይህን ሁሉ አጥንተሃል። አጥር ማዶ ላለው ሰው አንዲት ቃል ጠፋችህ?» ካዝሚርም ቆሻሻ ሊያወጡ ሄዱ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ አባ ዝገት ዘመቱ። ዱዌይን ማርሹን ተሻግረው በቀኝ ተቀመጡ፣ የቦውሊንጉ ሠራዊትም በየመኪናው ከኋላ ተከተለ፣ እኔም ይህን የምጽፈው ከነርሱ ጋር ነበርሁ። በረዶው መንገዱን ቢሸፍነው፣ ከፊታቸው ያለው ሁሉ ቢንሸራተት፣ እሳቸው በዚያ ጎዳና አውቶቡስ ሲነዱ የሸበቱ ናቸውና፣ ሳይነቀነቁ፣ በየፌርማታው እግራቸው ከልማድ የተነሣ ፍሬኑን ነካ እያደረገ፣ ሆቴሉ ደጅ ደረሱ።

በአዳራሹም የተናጋሪዎች ሰልፍ ከማይክሮፎኑ እስከ ልብስ መስቀያው ተዘርግቶ ነበር። አባ ዝገት ወደ ሰልፉ ጫፍ ሄደው ሲቆሙ ከፊታቸው ያለውን ጀርባ አወቁት፤ የመልቪን ጀርባ ነበር። መልቪን ዞር ብለው አዩ፣ ወደ ፊትም ተመለሱ። እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ባላንጣዎች፣ አንዱ ልጁ ይሸጥ ሊል፣ ሌላው አይሸጥ ሊል፣ በአንድ መሥመር ቆሙ፤ የኋለኛው ዓይን ከፊተኛው አንገት ላይ አልተነሣም። የአንገቱ ፀጉር ረዝሞ ነበር፤ ሚስታቸው ሳለች እርሷ ነበረች የምታስተካክልላቸው።

ሰልፉም በሥቃይ ሄደ። አንዲት ሴት ስለ ስታዲየሙ ቋሊማ መቀዝቀዝ አቤት አለች። አንድ ሰው የሽመላ ልብስ ለብሶ ሜዳ ዳር የሚጨፍረው ሰውዬ ልጁን እንዳስለቀሰበት ከብዙ ምሳሌ ጋር ተናገረ። ሌላው ደግሞ ሁለተኛ ቤዝ የሚጠብቅ ነጻ ተጫዋች ስም ጠርቶ፣ ያ ተጫዋች አምና ጡረታ እንደ ወጣ ሲነገረው፣ «ቢሆንም ይጠየቅ!» ብሎ ተቀመጠ። የካዝሚር እግሮች ዛሉ፣ በክረምት ጫማቸውም ውስጥ በረዶው ሟሙቶ ባሕር ሆነ፤ እሳቸው ግን ከቦታቸው አልተናወጡም።

መልቪን ማይክሮፎኑ ፊት በደረሱ ጊዜ የጉባኤው አጋፋሪ ሰዓቱን ተመልክቶ እንዲህ አለ፦ «ይቅርታ፣ ጊዜያችን አልቋል። የመጨረሻው ተናጋሪ እኚህ ጌታ ናቸው።» በካዝሚርም ላይ ጨለማ ወደቀ፤ የኋላው ደጀን አጉረመረመ፣ ዱዌይንም ግፍ ነው ብለው ጮኹ።

ያን ጊዜ መልቪን ሃሎራን ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ ብለው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«እኔ አልናገርም። ከኋላዬ ያለው ይናገር። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የሚለው ሁሉ ስሕተት ነው። ግን በረዶ ሲዝቅ ሲለማመድ በአጥሩ ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬ ካልተናገረ ይፈነዳል፣ አጠገቡ የምኖረው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ብለውም ወደ ጎን ቆሙ። አዳራሹ ሳቀ። ካዝሚር ግን አልሳቁም። ማይክሮፎኑን ያዙ፣ አፋቸውንም ከፈቱ፤ የኳሱ ፍጥነት፣ የሆልካም ዕድሜ፣ የተሸጡት ተስፈኞች ስም ሁሉ ከራሳቸው እንደ ወፍ በረረ። የቀረላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እርሱንም ተናገሩት፦

«መልቪን... ያን ቀን ያልኩህ ነገር... ባለጌ ነኝ። ሮዝ ብትኖር በመጥረጊያ ትለኝ ነበር። ይቅር በለኝ። ሎሬይንም... እሑድ እሑድ ሾርባ አለ፣ ሁልጊዜም አለ፣ ለምን እንደማልጠራህ አላውቅም።»

አጋፋሪው ጉሮሮውን ጠረገ። ብራንት ኦስጉድ፣ በመድረኩ ላይ በሐር ክራቫት የተቀመጠው፣ ጥያቄው የቱ ጋ እንደሆነ በዓይኑ ፈለገ። አባ ዝገትም ለጦርነት የተሰጣቸውን ደቂቃ በሰላም ላይ አውጥተው ጨርሰው ስለ ነበር፣ ከአፋፉ ላይ ሆነው በፍጥነት ጨመሩ፦

«ልጁን ደግሞ ባታቪያ ከተማ፣ በታችኛው ሊግ፣ በዝናብ ሲጫወት አይቼዋለሁ። ተሸነፈ፣ ክፉኛ ነው የተሸነፈው። ሁሉም ወደ ውስጥ ሮጠ። እሱ ግን ቀርቶ ከሜዳ ጠባቂው ሽማግሌ ጋር ሜዳው እንዳይረጥብ ሸራውን ጎተተ። ጌታው፣ ሩቅ የሚመታ ሰው በገበያ ሞልቷል። ልጁን አይሽጡት። ጨረስኩ።»

አዳራሹም አጨበጨበ፤ የቋሊማዋ ሴት ቆማ አጨበጨበች። ብራንት ኦስጉድ መልስ ሰጠ፤ መልሱም፣ ስለ ስሜትዎ እናመሰግናለን፣ ሁሉንም አማራጭ እናያለን የሚል ነበር፤ ትርጓሜውን እስከ ዛሬ የፈታው ሊቅ አልተገኘም። መልቪን ግን በአንድ እጃቸው ዓይናቸውን እያሹ፣ በሌላው የካዝሚርን ትከሻ መትተው፣ «ሸራ መጎተት መቺን አያሸንፍም፣ አንተ ጅል» አሉ፤ ሲመለሱም ዱዌይን ወደ ኋላ ወንበር ተሰደዱ፣ መልቪንም ማርሹን ተሻግረው በቀኝ ተቀመጡ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ልውውጡ ፈረሰ የሚል ዜና ወጣ። ክፉዎች የሆልካም ጉልበት በሐኪም ምርመራ ስለ ወደቀ ነው ይላሉ። የማክሲን ሸንጎ ግን የፈረሰው በአባ ዝገት ቃል ኃይል እንደሆነ ወስኗል፤ እኛም ሹመታችን ከሸንጎው ነውና እንዲሁ እንጽፋለን። እሑድ በሾርባው ገበታ ላይ መልቪን ማንኪያቸውን አንሥተው «ጉልበቱ ነው እንጂ አንተ አይደለህም» አሉ። ካዝሚርም «አውቃለሁ» አሉ። ከዚያም መልቪን፣ «ለመሆኑ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ማንን ቢያስቀምጡ ይሻላል ትላለህ?» ሲሉ ጠየቁ፤ ካዝሚር አንድ ስም ጠሩ፣ መልቪንም «አብደሃል እንዴ?» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ጩኸቱም አጥሩን ተሻግሮ በባዶው የመልቪን ቤት ግድግዳ ላይ አስተጋባ። እቴጌ ሎሬይን ምድጃውን አጥፍተው፣ ሬዲዮኑን ዘግተው፣ ተቀምጠው ሰሙ።

እነሆ ካዝሚር ሩቤል፣ አባ ዝገት፣ የበረዶ ጎዳና ጌታ፣ የሰልፍ ጽኑ፣ የግራኞች ጠበቃ፣ አስቦ ያጠናውን ረስቶ ያላጠናውን የተናገረ፣ በአንዲት ደቂቃ ጓዱን ከስደት የመለሰ! ሽመላዎች ቢያሸንፉም ባያሸንፉም፣ ኪንታና ቢገንም ባይገንም፣ ስለ ሁለተኛ ቤዝ ግን ፍጹም የተሳሳተ ቢሆንም፣ በማክሲን ባንኮኒ ዙሪያ ሁለት ክርኖች እስከተነካኩ ድረስ ክብሩ አይጎድልም።